ውሻችን ወደ ተራራ ሲከተለን



ከጥቂት ዓመታት ወዲህ በአዲስ አበባ አንድ መልካም ልማድ ሥር እየሰደደ ነው። ቅዳሜና እሑድ ገና ሳይነጋ ቦርሳቸውን ያዘሉ ሰዎች እየተሰባሰቡ ወደ እንጦጦ፣ ወደ መናገሻ ሱባ፣ ወደ የረር፣ ወደ ዝቋላ፣ ወደ ወንጪ ይወጣሉ። ድንኳን ተክለው የሚያድሩም አሉ። አሁን አሁን ደግሞ ከተጓዦቹ መካከል ውሻቸውን አስከትለው የሚመጡ መታየት ጀምረዋል። እኔ በዚህ ደስ ከሚላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ። በከተማችን ብዙ ውሻ ዕድሜውን የሚፈጀው በር ሥር በአጭር ሰንሰለት ታስሮ ነው። ቀን ይታሰራል፣ ማታ ይፈታል፣ ከአጥሩ ውጭ ያለውን ዓለም በእግሩ ሳይረግጠው ያረጃል። እንዲህ ያለ እንስሳ ከባለቤቱ ጋር ጫካ ለጫካ ሲሄድ ማየት ልብን ደስ ያሰኛል።

ደስታው ግን ኃላፊነት አለበት፤ የዛሬው ንግግሬም ስለዚሁ ነው። ሰው ሲደክመው አረፍ ይላል፣ ሲጠማው ውሃ ይጠይቃል፣ መንገዱ ሲከፋ «እንመለስ» ይላል። ውሻ ይህን አያደርግም። ባለቤቱ ከፊቱ እየሄደ እስከ ሆነ ድረስ ይሄዳል፤ መዳፉ ቆስሎም ይሄዳል፣ ሰውነቱ ግሎም ይሄዳል፣ ጉልበቱ ከድቶት እስኪወድቅ ድረስ ይሄዳል። ወዴት እንደሚሄድ አልመረጠም፤ የመረጥንለት እኛ ነን። እንግዲህ መንገዱን የሚለካለት፣ ዕረፍቱን የሚወስንለት፣ አደጋውን አስቀድሞ የሚያይለት ከእኛ በቀር ማንም የለም።

ደኅንነት ስል ደግሞ የውሻውን ብቻ ማለቴ አይደለም። ተራራው ባለቤት አለው። ገበሬና እረኛ ይኖርበታል፣ በግና ፍየል ይሰማራበታል፣ ደብርና ገዳም አለበት፣ በሌላ አገር የማይገኙ አራዊትም መኖሪያቸው እርሱ ነው። በደኅና ሄዶ በደኅና መመለስ ማለት ከእነዚህ አንዱንም ሳይጎዱ መመለስ ነው።

ከቤት ሳይወጡ

የመጀመሪያው ነገር ክትባት ነው፤ ከክትባቶችም ሁሉ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት። ይህ በሽታ ምልክቱ አንዴ ከታየ በኋላ በሰውም ሆነ በእንስሳ ላይ መጨረሻው ሞት ነው ማለት ይቻላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚሆኑ ሰዎች ይሞቱበታል። አብዛኞቹ በአፍሪካና በእስያ የሚኖሩ ናቸው፤ ከአሥሩ አራቱ ከ15 ዓመት በታች ያሉ ልጆች ናቸው። በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው 100 አጋጣሚዎች 99ኙ በውሻ በኩል ነው። አገራችን በሽታው ከሚበረታባቸው አገሮች አንዷ ናት፤ በከተማ ዳርም በገጠርም ካልተከተበ ውሻ ጋር መገናኘት የዕለት ተዕለት ነገር ነው።

ቡችላ ሦስት ወር ሲሞላው የመጀመሪያውን ክትባት ይወስዳል፤ ከዚያ በኋላ ሐኪሙ በሚያዘው ጊዜ ይደገምለታል። የመጀመሪያው ክትባት ሥራውን እስኪሠራ ድረስ ወደ አራት ሳምንት ይፈልጋል። ስለዚህ ዓርብ ተከትቦ ቅዳሜ ጫካ የገባ ውሻ እንዳልተከተበ ይቆጠራል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን ጉዞ ከማሰባችሁ በፊት ክትባቱን አስቡ። ፓርቮና ዲስተምፐር የሚባሉት የውሻ በሽታዎች ክትባትም አብሮ ይሰጠው። የክትባት ወረቀቱን በላስቲክ ጠቅልላችሁ ቦርሳችሁ ውስጥ ያዙ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ንክሻ ሊያጋጥም ይችላል። የማታውቁት ውሻ ወይም አውሬ ከመካከላችሁ አንዱን ከነከሰ ከሁሉ አስቀድሞ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና እጠቡት። ጊዜው 15 ደቂቃ ነው። ሰዓት እያያችሁ እጠቡ፤ ሰው ሲደነግጥ ሁለቱ ደቂቃ አሥራ አምስት ይመስለዋልና። ቁስሉን በእጃችሁ ከፈት እያደረጋችሁ ውሃው ወደ ውስጥ እንዲገባ አድርጉ፣ ሳሙናውን እየደጋገማችሁ ቀቡ፣ እንደገና አፍስሱበት። ይህ ቀላል የሚመስል ሥራ ከቁስሉ ውስጥ ብዙ ቫይረስ ያጥባል፣ ይገድላልም። ቡና፣ ነጭ ሽንኩርት ወይም ቅጠል አታድርጉበት። ከዚያ የዕለቱ ጉዞ አበቃ፤ የተነከሰው ሰው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ደርሶ ክትባቱን ይጀምር። ጠበሉንም ጸሎቱንም የሚከለክለው የለም፤ ክትባቱ ግን ለአንድ ቀንም መዘግየት የለበትም።

የነከሰው የእናንተ ውሻ ከሆነ ደግሞ ጥላችሁ አትሂዱ። ስማችሁንና ስልካችሁን ስጡ፣ የክትባት ወረቀቱን አሳዩ፣ የሕክምናውን ወጪ ቻሉ። ውሻውንም በንዴት መግደል አይገባም፤ ለአሥር ቀን ተለይቶ በእንስሳት ሐኪም ይጠበቅ። አሥሩን ቀን ጤነኛ ሆኖ ከቆየ በነከሰበት ሰዓት በሽታውን አላስተላለፈም ማለት ነው፤ ለተነከሰው ሰውና ለቤተሰቡ ከዚህ የሚበልጥ እፎይታ የለም።

ከክትባቱ ቀጥሎ የትል መድኃኒት አለ። በገጠር በጉም በሬውም በየደጁ ይታረዳል። ሳንባው ወይም ጉበቱ ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ሲገኝ ብዙ ጊዜ ለውሻ ይወረወራል። ያ እብጠት ግን ከኮሶ ትል ወገን የሆነች የአንዲት ትንሽ ትል ዕጭ ነው። ውሻው ከበላው ትሏ በአንጀቱ ውስጥ ታድጋለች፣ እንቁላሏም ከዓይነ ምድሩ ጋር ይወጣል። ያ እንቁላል ምንጭ ውስጥ ከገባ ወይም በእጅ በኩል ወደ አፍ ከደረሰ በሰው ጉበትና ሳንባ ውስጥ ያንኑ እብጠት ያበቅላል። ስለዚህ ሦስት ነገር አድርጉ። ውሻችሁ በመንገድ ያገኘውን ጥሬ የሆድ ዕቃ እንዳይበላ ከልክሉት። ሐኪሙ ባዘዘው ጊዜ የትል መድኃኒት ስጡት። ዓይነ ምድሩን ደግሞ በላስቲክ አንሱት፤ ካልሆነም ከምንጭና ከወንዝ ርቃችሁ ጥልቅ አድርጋችሁ ቅበሩት። እናንተ አልፋችሁ የምትሄዱበት ምንጭ ለመንደሩ ሰው የየቀኑ መጠጥ ነው።

ሌላው አቅም ነው። ከአንድ ዓመት በታች የሆነ ቡችላ አጥንቱ ገና አልጠነከረም፤ ትልቅ ዘር ከሆነ እስከ ዓመት ተኩል መጠበቅ ይሻላል። አፍንጫው የተጨፈለቀ ዘር እንኳን ተራራ ሜዳም ያለከልከዋል። ለዓመታት ታስሮ የኖረ ውሻ ደግሞ ጡንቻውም መዳፉም ለድንጋይ መንገድ አልተዘጋጀም። በሰፈር ግማሽ ሰዓት፣ ከዚያ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሁለት ሰዓት እያላችሁ በሳምንታት ውስጥ አለማምዱት። ከፍታውንም አትርሱ። የአዲስ አበባ ውሻ ከፍታ ለምዶ ያደገ ነው፤ ከድሬዳዋ ወይም ከአዋሽ በመኪና መጥቶ በማግሥቱ ከ3,000 ሜትር በላይ የሚወጣ ውሻ ግን እንደ ሰው ሁሉ ሊታመም ይችላል። ምግብ እምቢ ካለ፣ ካስመለሰው፣ እየተንገዳገደ ከሄደ መድኃኒቱ ወዲያው መውረድ ነው።

ሙቀት፣ ውሃና ምግብ

ውሻ እንደ ሰው በመላ አካሉ አያልበውም። ላቡ በመዳፉ ብቻ ነው፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በዋናነት በማለክለክ ነው። ፀጉራም ውሻን በእኩለ ቀን ሽቅብ ማስሮጥ ሰውን ጋቢ ደርቦ እንዲሮጥ እንደ ማዘዝ ነው። እንጦጦ ብርድ ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ በዚያ ከፍታ ነፋሱ ቢቀዘቅዝም ፀሐዩ ይበረታል። ጤነኛ ውሻ የሰውነቱ ሙቀት ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ነው፤ 41 ካለፈ ሕይወቱ አደጋ ላይ ነው።

ቴርሞሜትር ባትይዙም ዓይናችሁ ይበቃል። የድካም ማለክለክ ዕረፍት ሲያገኝ እየቀነሰ ይሄዳል። የአደጋው ማለክለክ ግን ጥላ ሥር ተቀምጦም አይበርድም። ምላሱ ሰፍቶ ይንጠለጠላል፣ ድዱ ከወትሮው ይልቅ ይቀላል፣ ምራቁ ይወፍራል፣ ስትጠሩት ዞሮ አያይም፣ የኋላ እግሮቹ ይከዱታል። ይህን ስታዩ «ትንሽ ይረፍና ይቀጥላል» አትበሉ። ወደ ጥላ ውሰዱት፣ ያላችሁን ውሃ በሆዱ፣ በብብቱ፣ በእግሮቹና በጀርባው ላይ አፍስሱ፣ በኮፍያ ወይም በካርቶን አራግቡለት። እርጥብ ፎጣ አልብሶ መተው ሙቀቱን ያፍነዋል። መጠጣት ከቻለ በጥቂት በጥቂቱ ስጡት፤ በግድ ጉሮሮው ውስጥ አታፍስሱ። መጀመሪያ ማቀዝቀዝ፣ ቀጥሎ ወደ ሐኪም ማድረስ ነው። የተሻለው ቢመስልም ሐኪም ይየው፤ ሙቀቱ ኩላሊቱንና ጉበቱን ጎድቶ ከሰዓታት በኋላ ሊጥለው ይችላልና።

ወደዚህ እንዳይደርስ መፍትሔው ማልዶ መውጣትና ውሃ መያዝ ነው። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ ቤት ተኝቶ ቢውል እንኳ በቀን አንድ ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ዳገት ሲወጣ ከዚህ በጣም ይበልጣል። የእርሱን ውሃ ከእናንተ ውሃ ለይታችሁ ያዙ፣ በየግማሽ ሰዓቱ ጥቂት ጥቂት አጠጡት። ከብት ከሚቆምበት ኩሬና ከረጋ ውሃ አይጠጣ፤ ከእንስሳት ሽንት የሚመጣ ለእርሱም ለእናንተም የሚተርፍ በሽታ በዚያ አለ።

ምግቡን በተመለከተ የእኛን አገር ምሳ ልብ በሉ። ተጓዥ ሲያርፍ ዶሮ ወጥና ጥብስ ይፈታል፤ ትራፊው ለውሻው ይሰጣል። ወጣችን የሚሠራው በሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርትም ነጭ ሽንኩርትም የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳል። ከወጡ ውስጥ ሽንኩርቱን መለየት አይቻልም፤ ስለዚህ ወጥ የነካው እንጀራ አይሰጠው። የተቀቀለ የዶሮ አጥንት ሲሰበር ይሾላል፣ ጉሮሮና አንጀት ይወጋል። ቸኮሌት፣ ዘቢብና ወይን እንዲሁም ስኳር የለውም ተብሎ የሚሸጥ ማስቲካ ለውሻ መርዝ ናቸው። የለመደውን ምግብ ከቤት ቋጥራችሁ ውጡ፤ ሽቅብ ሲወጣ ሆዱ አይሙላ፣ ዋናውን ምግብ ማታ ካረፈ በኋላ ያግኝ።

ማታ ከምግቡ በፊት ደግሞ ለፍተሻ አሥር ደቂቃ ስጡት። መዳፉን አንሡና ጣቶቹን አንድ በአንድ ክፈቱ። በጣቶቹ መካከል ባለው ለስላሳ ቆዳ ላይ ጭጎጎት ወይም የግራር እሾህ ተሰክቶ ይገኛል፤ ዛሬ ካልወጣ ነገ ያነክሳል፣ ከነገ ወዲያ መግል ይቋጥራል። ከዚያ ጆሮውን ገልብጡ፣ አንገቱን ከማሰሪያው ሥር ዳስሱ፣ ብብቱንና የጭኑን ውስጥ እዩ፤ መዥገር የሚወደው ይህን ቦታ ነው። መዥገሩን በወረንጦ ከቆዳው ጋር ጠበቅ አድርጋችሁ ይዛችሁ ሳታጣምሙ ቀጥ አድርጋችሁ ሳቡት። በጋዝ ወይም በእሳት ማስለቀቅ ቆዳውን ያቆስላል፣ መዥገሩንም በሽታውን ወደ ውስጥ እንዲተፋ ያደርገዋል።

ገመድ

«የእኔ ውሻ ገራም ነው፣ ማንንም አይነካም» የሚል ሰው ብዙ ነው። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ገመድ የሚያስፈልገው ውሻው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ገራሙ ውሻ ለመጫወት ብሎ ወደ በጎቹ ሲሮጥ በጎቹ ገደል ይገባሉ፤ ያረገዘችው ትጨነግፋለች። እረኛው የሰባት ዓመት ልጅ ሊሆን ይችላል፣ በጎቹም የቤተሰቡ ሀብት በሙሉ ናቸው። ገራሙ ውሻ ድኩላ አይቶ ጫካ ከገባ በጥሪ አይመለስም። ገራሙ ውሻ ጭላዳና ዝንጀሮ ካሳደደ ትልቁ ወንድ ዞሮ በክራንቻው ይቀደዋል። እፉኝት ደግሞ እግር ሲመጣባት እንደ ሌሎቹ እባቦች ቶሎ አትሸሽም፤ ሳር ውስጥ አፍንጫውን የሚከት ውሻ ፊቱን ያስነድፋል።

ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በዋሽንግተን አካባቢ የሸናንዶዋ ብሔራዊ ፓርክ አለ። በዚያ ፓርክ ውሻ በአብዛኞቹ የእግር መንገዶች እንዲሄድ ይፈቀዳል፤ ገመዱ ግን ከስድስት ጫማ፣ ማለትም ከ1.8 ሜትር እንዳይረዝም ደንብ ወጥቷል፤ ጠባብና ሰው የሚበዛባቸው ጥቂት መንገዶችም ለውሻ ፈጽሞ ዝግ ናቸው። ደንብ ባይጻፍልንም ይህንኑ ልክ ለራሳችን ልንደነግግ እንችላለን። ገመዱን አንገት ላይ ብቻ ከማሰር ደረትና ትከሻን የሚይዝ ማሰሪያ ይሻላል፤ ገደል ጫፍ ላይ ቢያዳልጠው ሳይታነቅ ጎትታችሁ ታወጡታላችሁ።

በአገራችን መንገድ ላይ ከሁሉ ይልቅ የሚያጋጥመው የመንደርና የእረኛ ውሻ ነው። ያ ውሻ ሥራውን እየሠራ ነው፤ በጎቹንና ቤቱን ይጠብቃል። ሲጮህ ስትሰሙ ቁሙ፣ ገመዱን አሳጥራችሁ ውሻችሁን ከኋላችሁ አድርጉ፣ እረኛውን ከሩቅ ጥሩት፣ ሰላምታ ስጡት፣ «ውሻህን ያዝልን» በሉት። እስኪይዝ ጠብቁ፤ ከሌለ በሰፊው ዙሩ። አትሩጡ። እየቀረበ ከመጣ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ የሚያነሳ ሰው መምሰል ብዙ ጊዜ ይበቃል። ሁለቱ ከተያያዙ ግን በመካከላቸው እጃችሁን አታስገቡ፤ ውሃ መድፋት ወይም በመካከላቸው ቦርሳ መወርወር ይሻላል።

የአካባቢውን ሰው ስሜት ማክበርም የደኅንነት አካል ነው። ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ግቢ አይገባም፤ በእንጦጦም በዝቋላም መንገዱ በደብር አጠገብ ስለሚያልፍ አንዳችሁ ከውሻው ጋር ከአጥሩ ርቆ ይቆይ። ሙስሊም ወገኖቻችን ልብሳቸውንና ዕቃቸውን የውሻ ምራቅ እንዳይነካ ይጠነቀቃሉ፤ ገመዱን ሰብስባችሁ አሳልፏቸው። በልጅነቱ የተነከሰ ሰውም ፍርሃቱ እውነተኛ ነው። ጠባብ መንገድ ላይ ሰው ሲመጣ ከመንገዱ ወጥታችሁ ውሻውን አስቀምጡ፣ ሰውየው ይለፍ።

ሌሊት

ድንኳን ተክሎ ማደር ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋል። በእንጦጦ ጅብ አለ፤ በመናገሻ ጫካ ጅብም ነብርም አለ። ሁለቱም ውሻ ይበላሉ። ስለዚህ «ይጠብቀን» ብላችሁ ውሻውን ከድንኳኑ ውጭ ግንድ ላይ አስራችሁ አትተኙ። የታሰረ ውሻ መሸሽም መታገልም አይችልም፤ ጩኸቱም ጅብ ይጠራበታል። ቦታው ድንኳኑ ውስጥ ከእናንተ ጋር ነው፤ ዚፑም ይዘጋ።

በዐቢይ ጾም ወቅት ደግሞ ጥንቃቄው እጥፍ ይሁን። በሰሜን ኢትዮጵያ ተመራማሪዎች የጅብን ዓይነ ምድር ሰብስበው የበላውን በፀጉሩ እየለዩ አጥንተው ነበር። ጾም ሲገባ እርድ ይቀንሳል፣ የሚጣለውም አጥንትና ቆዳ ይጠፋል፤ በዚያን ጊዜ ጅቡ አህያ የሚበላው ከቀድሞው አብልጦ ሆኖ ተገኘ። ከሰው ደጅ የሚለቅመው ሲያጣ በሕይወት ያለውን የቤት እንስሳ ያድናል ማለት ነው። የታሰረ ውሻ ከአህያ ይልቅ ይቀልለዋል።

ሳይጨልም ስፈሩ። ሥጋና የውሻ ምግብ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ ይከተት፣ ትራፊ በድንኳኑ ዙሪያ አይጣል። ከመተኛታችሁ በፊት ውሻውን በገመድ፣ በባትሪ ብርሃን፣ ሁለት ሆናችሁ ለሽንት አውጡት። ሌሊት ቢያጉረመርም አትቆጡት፤ ከእናንተ ቀድሞ ሰምቷል። መብራት አብሩ፣ ድምፅ አሰሙ፣ ድንኳኑን ግን አትክፈቱለት። ከኅዳር እስከ ጥር በደጋ ሌሊቱ ውርጭ ነው፤ ብርዱ የሚገባው ከመሬት ስለሆነ ከላይ ከማልበስ በፊት ከሥሩ ወፍራም ነገር አንጥፉለት።

ጋቢ መያዝ አትርሱ። ለሌሊቱ ብርድ ይሆናል፤ እግሩ የተሰበረን ውሻም ሁለት ሰው አራቱን ጫፍ ይዞ ያወርድበታል። የታመመ ውሻ የሚወደውን ባለቤቱን እንኳ ሊነክስ ይችላል፤ ስለዚህ ከማንሳታችሁ በፊት አፉን በለስላሳ ጨርቅ እሰሩ፤ ካስመለሰው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ግን አትሰሩት።

ውሻ የማይሄድበት ተራራ

አሁን ደግሞ በንግግሬ ሁሉ ከባድ ወደምለው ነገር ደርሻለሁ። ውሻችሁ የቱንም ያህል ጤነኛና ጨዋ ቢሆን ይዛችሁት የማትሄዱባቸው ተራሮች አሉ። ባሌ፣ ሰሜን ተራሮች፣ አርሲ፣ መንዝ ጓሳ፣ የወሎ ውርጭ ምድር፤ እነዚህ የቀይ ቀበሮ አገር ናቸው።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የለም። ለመውለድ የደረሱት ተቆጥረው 500 አይሞሉም፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች ናቸው። የሚኖሩት በቤተሰብ ነው። ማለዳ ይሰበሰባሉ፣ አፍ ለአፍ ይነካካሉ፣ ድንበራቸውን አብረው ይዞራሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ለብቻው አይጥና ፍልፈል ለማደን ይበታተናል። ይህ ፍቅራቸው ለበሽታ መንገድ ይከፍታል፤ አንዱ ከታመመ ቤተሰቡ በሙሉ ሊያዝ ይችላል።

የእብድ ውሻ በሽታ በባሌ ቀበሮዎች ላይ እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ በ2003 እና 2004፣ በ2008 እና 2009፣ እንደገናም በ2014 ተነሥቷል። በ2003ቱ ወረርሽኝ በወብ ሸለቆ ይታወቁ ከነበሩት ቀበሮዎች አብዛኞቹ አለቁ። በ2010 እና በ2015 ደግሞ ዲስተምፐር ገባባቸው። የበሽታዎቹ ምንጭ ውሻ ነው። ውሻው ክፋት የለበትም፤ ከብት ተከትሎ ወጥቶ፣ ሳይከተብ፣ ቀበሮው ከበላበት በልቶ የተመለሰ የእረኛ ውሻ ነው። ወንድ ውሻ ከሴት ቀበሮ ጋር ሲገናኝ ዲቃላ መወለዱም በባሌ ተረጋግጧል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ለብዙ ዓመታት በተራራው ዙሪያ ያሉ መንደሮችን ውሾች ሲከትብ ቆይቷል፤ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮም በሥጋ ውስጥ በተደበቀ ክትባት ራሳቸውን ቀበሮዎቹን መከተብ ጀምሯል።

«የእኔ ውሻ ተከትቧል» ትሉኝ ይሆናል። የተከተበ ውሻ በመዳፉና በፀጉሩ የፓርቮን ቫይረስ ተሸክሞ ሊሄድ ይችላል፤ መዥገርና ትልም ያደርሳል። የመንዝ ሕዝብ የጓሳን ሣር ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጥበቃ ሥርዓት ለዘመናት ጠብቆ አቆይቷል። እኛ ለአንድ ቅዳሜ ደስታ ስንል ያን ጥበቃ ማፍረስ የለብንም። ወደ ጓሳ፣ ወደ ባሌው ሳነቲ፣ ወደ ሰሜን ተራሮች ስትሄዱ ውሻችሁን ለዘመድ አደራ ሰጥታችሁ ሂዱ። ውሻው የሚወደው እናንተን እንጂ ጓሳን አይደለም፤ የእርሱ ተራራ ቅርብ ያለው ይበቃዋል።

ከመስቀል በኋላ

ንግግሬን በአንድ ጥያቄ ልደምድም፤ ጥያቄው በተለይ ለእናንተ ለጉዞ ማኅበራት ነው። በአንድ አካባቢ ካሉ ውሾች 70 ከመቶው ከተከተቡ የእብድ ውሻ በሽታ ሰንሰለት ይበጠሳል። እናንተ በየሳምንቱ የምታልፉባቸው መንደሮች ውሾች ግን አብዛኞቹ ሐኪም አይተው አያውቁም። የዓለም የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ቀን እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 28፣ ክትባቱን ያስገኘው ሉዊ ፓስተር በ1895 ያረፈበት ዕለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ከመስቀል ማግሥት ይውላል። ክረምቱ ወጥቶ፣ ተራራው አደይ አበባ ለብሶ፣ የጉዞ ወቅት የሚከፈተው በዚያው ሰሞን ነው።

ስለዚህ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ የሚደረገው የመጀመሪያው ጉዞ የክትባት ጉዞ ይሁን። ለአንድ ምሳ የምናወጣውን ገንዘብ እናዋጣ፣ ከወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያዎች ጋር እንነጋገር፣ ሐኪሙን ይዘን በተራራው ሥር ባለው አንድ መንደር እንደር፣ የእረኛውን ውሻ ከእኛው ውሻ ጋር እናስከትብ። እንዲህ ስናደርግ የእኛም ውሻ፣ የእረኛው ልጅም፣ ቀይ ቀበሮውም ይጠበቃሉ። ከመካከላችሁ በዚህ ዓመት አንድ መንደር የሚመርጥ ማኅበር ካለ ዛሬ ከዚህ አዳራሽ ሳይወጣ ስሙን ያስመዝግብ።